የትከሻ ስፌት

ለሰፋበት ዋጋ ብር አጠራቸውና፣
ሁለት ትኬት ላኩ፤ «እንጉዳይን ይዘህ ና»።
ባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየው፣
እንደ ሐሰተኛ ብር ለመብራት አሳየው።
«ይሄ ጤፍ ይገዛል?» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ፤
«አይገዛም፤ ግን ታጠብ፣ እስቲ እንኳ ዘንድሮ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባንድ ጣራ ኖረን፣
ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ በቀር አብረን
ማታ ወጥተን አናውቅም።
ወይ እኔ አልጠየቅሁም፣ ወይ እሱ አልፈቀደም፤
የማን ጥፋት እንደሆን ዛሬ አልመረምርም።

ባጃጁ ከአውቶ ፓርኮ በጃንተከል ዞረ፤
ግንቡ በጨረቃ
ጠርዙ ያልተዘመዘመ ጨርቅ መስሎ ነበረ።
ብርድ ነው፣ ታኅሣሥ ነው፤ አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ፣
እስኪያየው እያልሁኝ ነጠላዬን እገልጣለሁ፤
እሱ የሾፌሩን ኮት እጅጌ ያያል፣
«ማን ነው የሰፋልህ? ግራው ያጥርሃል።»

አዳራሹ ሞልቷል፤ ሁለተኛ ረድፍ ነን።
ተውኔቱ በዘፈን ነው፤ ንግግር የለውም አሉን።
መጋረጃው ተነሣ። መሰንቆው ሲያነባ፣
ንጉሡ ብቅ አለ በወርቃማ ካባ።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ደነገጥሁ፣
«ላሳጥበው» ያለኝን መጋረጃዬን አወቅሁ!
ልጃችን ቀለም ያፈሰሰችበት ያ ጥጉ፣
በንጉሥ ጀርባ ላይ ተቆጥሯል ከማዕረጉ።
«ባዬ!» ብዬ ጎሸምሁት። አለኝ በሹክሹክታ፣
«ጨርቅ አነሰኝ፤ ዝም በይ፤ ላንድ ማታ…»

የኖራ ተሸካሚ ልጅ ንጉሥ ወዶ፣
ዘውዱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ወርዶ፣
ይዘፍንላታል፤ እሷም ትመልሳለች፣
ድምጿ ቆርቆሮውን ሰንጥቃ ታልፋለች፤
ከኋላዬ አንዲት ሴት ትንሰቀሰቃለች።
እኔም ዓይኔ ሞልቶ ወደ ባሌ ዞርሁ፣
ያዘነ መስሎኝ ፊቱን አየሁ፤
ወዲያ! ከንፈሩ ይቆጥራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»
ዓይኑ ተተክሏል ከካባው ትከሻ ስፌት።
«ባንድ ክር ነው የጠቀምሁት፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፤
ማንም አልነገረኝም እስክስታ እንዳለ።»

ከበሮው መጣ።
መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየከፋ፤
ንጉሡ ትከሻውን እንደ ወንፊት ነፋ፤
ባዬ ትንፋሹን ዋጠ፤
እጄን ያዘ።

እጄን! በሰው መሃል! በሁለተኛ ረድፍ!
መርፌ የበሳሳው ጣት፣ ሻካራ እንደ ሞረድ።
ሠርጋችን ለታ እንኳ እንዲህ አልያዘኝም።
ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ስፌት ነው የፈራው፤
ይሁን ብዬ ያዝሁት። እኔ ምን ቸገረኝም?

ጠርርር!
ያንን ድምፅ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሰማው፦
ንጉሡ፣ እኔና፣ ካባውን የሰፋው።
ጨርቁ ተንሸራቶ ከክንዱ ላይ ቀረ፣
ከሥሩ ባለ ሰባት ቁጥር ማልያ ነበረ!
ባዬ ሊነሣ ቃጣው፤ መርፌው ከኮቱ ክሳድ ነው፤
ጎትቼ አስቀመጥሁት፤ «ወዴት? ንጉሥ እኮ ነው!»
ሳቁ ሊፈነዳ ሲል የኖራዋ ልጅ መጣች፣
ቅዳጁን በእጇ ሸፍና ዜማውን ቀጠለች፦
«ይውደቅ ተወው ካባው፣ አትደንግጥ ሆዴ፤
ብርዱ ከገባብህ መጣፊያህ ነው ክንዴ።»
ከጽሑፉ ይኑር፣ ካፏ ይፍለቅ አላውቅም፤
ጭብጨባው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አይጠፋም።

ስንወጣ መሽቷል፤ ባጃጁ ሁሉ ሄዷል፤
ባዬ ራሱን እየረገመ ቁልቁል ይራመዳል።
«ድርብ ክር ቢሆን እኮ…» «እሺ» እለዋለሁ፤
«ነገ በጠዋት ሄጄ አስተካክላለሁ።»
እጄን ግን አልለቀቀም።
ረስቶት ይሆናል። አላስታወስሁትም።
ከግንቡ ሥር ዘበኛው ባትሪውን አበራ፣
ከወገብ በታች አየን፣ እጅ ለእጅ፣ በተራ፤
«እናንት ልጆች፣» አለን፣ «እናት የላችሁም? ግቡ!»
ባዬ ሳቀ። ከስንት ዘመኑ።

መስኮታችን ባዶ፤ ጨረቃ ገብታለች፣
አልጋው ላይ ወጥታ ትራሱን ይዛለች።
«ሌላ ጨርቅ አመጣለሁ፣» አለ እያፈረ፣ «ነገ።»
እኔም ጫማዬን እያወለቅሁ፣
«አትቸኩል» አልሁ።